የውፍረቱ ቁጥር ጨመረ ማለት ሬቲናው ዳነ ማለት ነውን?

ጥያቄው፦ «ተወልደን ያደግነው መንዝ፣ መሀል ሜዳ ነው። ወንድሜ 29 ዓመቱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመሽ አያይም ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ተመርምሮ ሬቲናይቲስ ፒግሜንቶሳ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ሕመም እንደሆነ ተነገረን። ያኔ በተነሣው፣ ኦ.ሲ.ቲ. በተባለው የሬቲና ምስል ላይ የሬቲናው የመሀል ውፍረት 238 ማይክሮሜትር ይላል። ዘንድሮ ሌላ ቦታ ሲነሣ 341 ሆነ። እኛ ተሻለው ብለን ደስ ብሎን ነበር፤ እሱ ግን ማንበብ እያቃተው እንደመጣ ይናገራል። መድኃኒት ከሌለው በየዓመቱ ምስል እንዲነሣ የሚታዘዘው ለምንድን ነው? የእናቴ ወንድምም ገና አርባዎቹ ውስጥ ሳለ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። አባቴና እናቴ ግን ሰባት ቤት ተቆጥሮ የተጋቡ ናቸው። እኔና እናቴስ መመርመር አለብን?»

የሬቲና ሐኪም ምላሽ፦

እህቴ፣ ከሌላው ሁሉ አስቀድሜ የምመልሰው የቁጥሩን ነገር ነው፤ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነውና። ከ238 ወደ 341 የወጣው ውፍረት የመዳን ምልክት ነው ብላችሁ እንዳትቀመጡ። ሬቲና ማለት በዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ንጣፍ ነው፤ በዚህ ሕመም የተያዘ ሬቲና ከዓመት ወደ ዓመት ይሳሳል እንጂ በራሱ ጊዜ አይደልብም፤ የጠፋ ብርሃን ተቀባይ ሕዋስም ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ውፍረቱ ሲጨምር፣ ይልቁንም ሕመምተኛው ራሱ ማንበብ አቃተኝ በሚልበት ጊዜ ሲጨምር፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በሬቲናው መሀል ውኃ መቋጠሩ ነው። የመንዝ ሰዎች ናችሁና በባና ልመስለው። ዝናብ የመታው ባና ይወፍራል፣ ይከብዳልም፤ ሱፉ ጨመረ ግን አይባልም።

ይህ የውኃ መቋጠር ሲስቶይድ ማኩላር ኢዲማ ይባላል። ማኩላ የምንለው ለማንበብ፣ የሰው ፊት ለመለየትና መርፌ ላይ ክር ለማስገባት የምንጠቀምበት የሬቲናው እምብርት ነው። አጥብቄ የምናገረው፣ ከወንድምዎ ሕመም ጋር ተያይዘው ከሚመጡት ችግሮች መካከል ልናክማቸው ከምንችላቸው ጥቂቶች አንዱ ይህ ስለሆነ ነው። አሴታዞላማይድ የሚባለው ክኒን ወይም ዶርዞላማይድ የሚባለው የዓይን ጠብታ ለብዙዎች ውኃውን ይቀንስላቸዋል። ለሁሉም ግን አይሠራም፤ ለአንዳንዱም መድኃኒቱ ሲቆም ውኃው ይመለሳል። ክኒኑ የጣት ጫፍ መደንዘዝ፣ ሽንት ማብዛትና ድካም ያመጣል። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ወይም ለሰልፋ መድኃኒቶች አለርጂ ያለው ሰው ይህንን ለሐኪሙ ሳይነግር ሊጀምረው አይገባም፤ ከፋርማሲ በራስ ገዝቶ መዋጥም ፈጽሞ አይመከርም። ሐኪሙ ካዘዘለት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ምስሉ በዚያው መሣሪያ ይደገማል፤ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው በዚህ ነው። መድኃኒት ከሌለው ምስሉ ለምን ያስፈልጋል ለሚለው ጥያቄዎ የመጀመሪያው መልስ እንግዲህ ይኸው ነው። ምስል ባይኖር ኖሮ ይህ የሚታከም ነገር ከማይታከመው ጋር ተደባልቆ «በሽታው እየገፋ ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ሁለተኛ ማብራሪያ ሊኖር እንደሚችልም መናገር አለብኝ፤ የመጀመሪያውን ብቻ ብናገር ያለ አግባብ ላስደነግጣችሁ እችላለሁ። ሁለቱ ምስሎች በሁለት የተለያዩ ቦታዎች እንደተነሡ ጽፈዋል። የኦ.ሲ.ቲ. መሣሪያዎች ሁሉ ውፍረትን መለካት የሚጀምሩት ከሬቲናው የላይኛው ወለል ነው፤ የሚያበቁበት የታችኛው መስመር ግን ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያል። አንዱ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሶቹ ዘንድ ሲደርስ ያቆማል፤ ሌላው ከእነሱ ሥር እስካለው ቀለም ያለው የሕዋስ ንጣፍ ይደርሳል፤ ሦስተኛው ደግሞ ብሩክ እስከተባለው ስስ ሽፋን ድረስ ይወርዳል። በዚህም ምክንያት አንድ ጤነኛ ዓይን በአንድ ቀን በሁለት ዓይነት መሣሪያ ቢለካ በአስሮች ማይክሮሜትር የሚቆጠር ልዩነት ሊያሳይ ይችላል። በዚያ ላይ መስመሮቹን የሚያሰምረው የኮምፒውተር ፕሮግራም የተሠራው ጤነኛ ዓይንን ታሳቢ አድርጎ ስለሆነ፣ የተመነመነ ሬቲና ሲያጋጥመው ድንበሩን ይስታል። የሆነ ሆኖ የ103 ማይክሮሜትር ልዩነት በመሣሪያ መለያየት ብቻ ለማሳበብ ሰፊ ነው፤ ከማንበብ ችግሩ ጋር ሲደመር ደግሞ ውኃውን ወደ መጠርጠር አደላለሁ።

መልሱ ያለው በቁጥሩ ላይ ሳይሆን በምስሉ ላይ ነው። ሐኪሙ ዘንድ ስትደርሱ «ቁጥሩ ስንት ሆነ?» ብላችሁ ከመጠየቅ ይልቅ «ምስሉን ያሳዩን፤ በመሀሉ ጥቁር ክፍተት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ውኃ ካለ፣ በግራጫው ንጣፍ ውስጥ የእንጀራ ዓይን የሚመስሉ ክብ ክብ ጥቁር ክፍተቶች ተደርድረው ይታያሉ። ይህንን ለማየት የሕክምና ትምህርት አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ በጣት ከተጠቆመላችሁ ለሁልጊዜ ትለዩታላችሁ። ክፍተቱ ከሌለና ንጣፉ ደህና ከሆነ፣ የማንበብ ችግሩ ከሌላ ቦታ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ከነዚህ አንዱ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው፤ በዚህ ሕመም የተያዙ ብዙ ሰዎች በወጣትነታቸው በሌንሱ የኋላ ገጽ ላይ ሞራ ይወጣባቸዋል። እዚህም ላይ ምስሉ ይረዳል፤ ማኩላው ደህና መሆኑ ከታየ ሞራውን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ይጠቅመዋል ለማለት እንደፍራለን፤ ማኩላው ካለቀ ግን ብዙ ተስፋ አንሰጥም።

አሁን ወደ መሠረቱ ልመለስ። ኦ.ሲ.ቲ. ራጅ አይደለም፤ ጨረሩም አይጎዳም። ዓይን በቅጡ የማያየውን፣ ከቀይ ቀጥሎ ያለውን ብርሃን ወደ ዓይን ልኮ፣ ከእያንዳንዱ የሬቲና ንጣፍ ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ብርሃን እየለካ፣ ሬቲናውን በቢላ ቆርጠው ከጎን ያዩት ያህል አድርጎ ያሳያል። ለመጀመሪያ ጊዜ በ1991 እ.ኤ.አ. ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በወጣ ጥናት ለዓለም ታወቀ። ከዚያ በፊት የነበሩት ሐኪሞች ሬቲናን ከፊት ለፊት ብቻ ነበር የሚያዩት፤ ይኸውም ከ1851 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ሄልምሆልትስ የዓይንን ውስጥ የሚያሳየውን መሣሪያ ከሠራ ወዲህ ነው። ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ውፍረት ያለውን ነገር ከፊት ለፊት አይቶ የትኛው ንጣፍ እንደተጎዳ መናገር አይቻልም ነበር። የሕመሙ ስምም የዚያ ዘመን ቅሪት ነው፤ ሬቲናይቲስ ማለት የሬቲና ብግነት ማለት ሲሆን፣ የዚህ ሕመም ሥር ግን ብግነት ሳይሆን በዘር የመጣ የሕዋስ መመንመን ነው።

ምስሉ ሲነሣ ሕመምተኛው አገጩን በማስደገፊያው ላይ አድርጎ፣ ግንባሩን አስጠግቶ፣ በጨለማው ውስጥ የምትታየውን ትንሽ ምልክት ትክ ብሎ ያያል፤ በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። ከሚወጣው ምስል ላይ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምፈልገው አንድ መስመር ነው። ከንጣፉ ግርጌ ካለው ወፍራም ነጭ መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ ሌላ ስስ ነጭ መስመር አለ፤ ኢሊፕሶይድ ዞን ይባላል። ይህ መስመር ብርሃን ተቀባይ ሕዋሶቹ ጉልበት የሚያመርቱባቸው ሚቶኮንድሪያዎች የታጨቁበት ክፍል ነው ተብሎ ይታመናል። መስመሩ በሚታይበት ቦታ ሕዋሶቹ አሉ፤ በጠፋበት ቦታ ደግሞ ሕዋሶቹ ሞተዋል ወይም በሞት አፋፍ ላይ ናቸው። ጤነኛ ሰው ላይ ከምስሉ ጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ይዘልቃል። ወንድምዎን በያዘው ሕመም ግን ዳርና ዳሩ ጠፍቶ መሀሉ ላይ ብቻ ይቀራል። በባናው ምሳሌ ብቀጥል፣ ጠርዙ ያልተቋጨ ባና ከዳር እየተተረተረ ወደ መሀል እንደሚገባ ማለት ነው። እኛ በየዓመቱ የምንለካው ሳይተረተር የቀረውን ስፋት ነው።

ይህ መስመር የፊደል ሰሌዳው የማያሳየውን ያሳያል። በዚህ ሕመም መጀመሪያ የሚጎዱት ለጭለማና ለዳር እይታ የሚያገለግሉት ሮድ የሚባሉት ሕዋሶች ናቸው፤ ለማንበብና ቀለም ለመለየት የሚያገለግሉት ኮን የሚባሉት በመሀሉ ተሰብስበው ይቆያሉ። ስለዚህ አንድ ሰው በሰሌዳው ላይ ያሉትን ትናንሽ ፊደላት ለዓመታት ደህና አድርጎ እያነበበ፣ መስመሩ ግን ከሁለቱም ወገን እየጠበበ ሊሄድ ይችላል። «ሰሌዳውን አነበበ፤ አልባሰበትም» ብሎ የሚያሰናብት ሐኪም ያልዋሸ ቢሆንም ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው። ለማስረዳት ያህል፣ የአንድ ሰው መስመር ዘንድሮ 2,400 ማይክሮሜትር ስፋት ኖሮት ለከርሞ 2,250 ቢሆን፣ ሰውዬው ምንም ልዩነት አይሰማውም፤ እኛ ግን ሕመሙ በምን ፍጥነት እንደሚጓዝ ማወቅ እንጀምራለን። ጥናቶች እንደሚያሳዩት የመጥበቡ ፍጥነት በብዙዎች በዓመት ጥቂት በመቶ ሲሆን፣ ከሰው ሰውና ከጂን ጂን በጣም ይለያያል። ደግሞም መለኪያው ራሱ ስሕተት አለው፤ ዓይን ትንሽ ዘወር ቢል፣ ምስሉ የተቆረጠበት ቦታ በፀጉር ያህል ቢለይ ቁጥሩ ይለወጣል። ስለዚህ ከሁለት ምስሎች ፍርድ አልሰጥም። ሦስትና አራት ምስል በአንድ መስመር ተደርድሮ ሲታይ ነው ጉዞው የሚገለጠው።

ከኦ.ሲ.ቲ. ቀጥሎ የምመካበት ኦቶፍሎረሰንስ የሚባለው ምስል ነው። ይህም በመርፌ የሚሰጥ ቀለም አያስፈልገውም። በሬቲናው ሥር ያለው ቀለም ያለው ንጣፍ ከሕዋሶቹ የሚወጣውን ቆሻሻ ሲያስወግድ ሊፖፈስን የሚባል ዝቃጭ ይቀርበታል፤ ይህ ዝቃጭ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት በራሱ ያበራል። ሬቲናይቲስ ፒግሜንቶሳ ባለባቸው ብዙ ሰዎች ላይ በማኩላው ዙሪያ የሚያበራ ቀለበት ይታያል። ከቀለበቱ ውስጥ ያለው ገና ያልተጎዳው፣ ከቀለበቱ ውጪ ያለው ደግሞ የተጎዳው ክፍል ነው ማለት ይቻላል፤ የኢሊፕሶይድ ዞን መስመር የሚያልቅበት ቦታም ከዚህ ቀለበት ጠርዝ ጋር ይቀራረባል። ቀለበቱ በጊዜ ብዛት ይጠባል። የወንድምዎን እይታ በዓይነ ሕሊና ለማየት ለሚቸገሩ ቤተሰቦች ከሁሉ የበለጠ የሚያስረዳው ይህ ምስል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። «እስከዚህ ድረስ ያያል፤ ከዚህ ወዲያ አያይም» ብዬ በጣቴ ቀለበቱን ስዞርላቸው፣ ልጃቸው ለምን ከበር መቃን ጋር እንደሚጋጭ ወዲያው ይገባቸዋል።

ተራው የሬቲና ቀለም ፎቶ፣ የአጥንት ስንጥር የሚመስሉትን ጥቁር ነጠብጣቦችና የቀጠኑትን የደም ሥሮች የሚያሳየው፣ ሕመሙን ለመለየት ይጠቅማል፤ ለመከታተል ግን ደካማ ነው። ነጠብጣቦቹ በዙ አነሱ ብላችሁ አትጨነቁ።

ምስል የሕዋሱን መኖር ያሳያል እንጂ የሚሠራውን ሥራ አይለካም። ለዚህ የእይታ አድማስ ምርመራና ኢ.አር.ጂ. የሚባለው፣ ሬቲናው ለብርሃን የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ምላሽ የሚለካው ምርመራ አሉ። ኢ.አር.ጂ. አንድ ጊዜ ቢሠራ ይበቃዋል፤ የእይታ አድማሱን ግን ከምስሉ ጎን ለጎን መድገም ያስፈልጋል። ምስልም ሆነ ሌላ ምርመራ የማይመልሰው ጥያቄ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ነው፤ «በስንት ዓመቱ ይጠፋል?» የሚለው። ቀኑን ቆርጦ የሚናገር ሐኪም ቢያጋጥማችሁ አትመኑት። ፍጥነቱን ከበርካታ ዓመታት ምስል ገምተን፣ «በዚህ አያያዝ የማንበቢያው ክፍል ገና ለዓመታት ይቆያል» ወይም «ወደ መሀሉ ተቃርቧል፤ አሁኑኑ ዱላ መያዝንና በድምፅ ማንበብን ይማር» ማለት እንችላለን፤ ከዚያ አያልፍም። ይህም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው ሥራውንና ትምህርቱን ዓይኑ እያለ እንዲያስተካክል ጊዜ ይሰጠዋል።

ሰፋ አድርጌ መናገር የምፈልገው ስለ ምስሉ አያያዝ ነው፤ በእኛ አገር ብዙ ልፋት ከንቱ የሚቀረው እዚህ ላይ ነውና። ከአንኮበር በኩል የመጡ አንድ አባት የልጃቸውን የአምስት ዓመት ምስል በፌስታል ጠቅልለው፣ ጋቢያቸው ውስጥ ሸጉጠው አመጡልኝ። ወረቀቱ አራት ቦታ ታጥፎ፣ የማጠፊያው ስንጥቅ ልክ በማኩላው መሀል አልፎ፣ ቀለሙ ተልጦ ነበር። ምስሉ የተነሣበትን ክሊኒክ ስንጠይቅ መሣሪያው ተቀይሮ የድሮው ፋይል አልተላለፈም ተባልን። የአምስት ዓመት ክትትል ነበረው የተባለው ልጅ ለእኔ በዚያን ቀን እንደ አዲስ ሕመምተኛ ሆነብኝ። አባትየው ያጠፉት ነገር አልነበረም፤ ፋይሉን ጠይቁ ብሎ የነገራቸው ሰው አልነበረም እንጂ። ስለዚህ እናንተ ወረቀቱ ብቻ ሲሰጣችሁ አትቀበሉ፤ ምስሉን ከነሙሉ ፋይሉ በፍላሽ ገልብጣችሁ ውሰዱ፤ ለሁለት ሰው ስልክም ላኩ። የስክሪኑን ፎቶ በስልክ ማንሣት ከምንም ይሻላል እንጂ ለመለካት አይሆንም።

ከዚህ የከፋው ግን የልደት ዘመን ነገር ነው። ወንድምዎ 29 ዓመቱ ከሆነ የተወለደው በ1988 ዓ.ም. ገደማ ነው። አንዱ ባለሙያ 1988 ብሎ ቢመዘግበው መሣሪያው የሚያውቀው የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። በቀጣዩ ዓመት ሌላው ባለሙያ ወደ እነሱ አቆጣጠር ለውጦ 1996 ቢለው፣ ስሙንም በላቲን ፊደል አንድ ሆሄ ለውጦ ቢጽፈው፣ መሣሪያው ሁለት ሰዎች ናቸው ብሎ ሁለት ፋይል ይከፍታል። ጉዳቱ ከመዝገብ መዛባት ያልፋል። አንዳንድ መሣሪያዎች የደም ሥሮቹን አቀማመጥ እንደ አሻራ ተጠቅመው የዘንድሮውን መስመር አምና ባለፈበት ቦታ ላይ በትክክል የሚደግሙበት አሠራር አላቸው፤ ፋይሉ ለሁለት ከተከፈለ ይህ አሠራር አይሠራም። ስለዚህ ስሙ በላቲን ፊደል እንዴት እንደተጻፈ፣ የልደቱ ቀን እንዴት እንደተመዘገበ፣ መሣሪያው ምን እንደሚባልና ዓይኑ በጠብታ ተከፍቶ እንደነበረ በአንድ ደብተር ላይ ጽፋችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከመነሣቱ በፊት ለባለሙያው አሳዩ። በተቻለ መጠንም በአንድ ቦታ፣ በአንድ መሣሪያ ተነሡ። ከደብረ ብርሃን ይሁን ከአዲስ አበባ፣ አዲስ የመጣ መሣሪያ አለ ተብሎ በየዓመቱ ቦታ ከመለዋወጥ አሮጌው መሣሪያ ላይ መቆየት ለክትትል ይበልጣል። በሪፖርቱ ላይ የሚታየው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለምም አያስደንግጣችሁ፤ እሱ የሚያነጻጽረው ከጤነኞች ጋር ነው፤ ወንድምዎ መነጻጸር ያለበት ከአምናው ከራሱ ጋር ነው።

በየስንት ጊዜ ይነሣ? ውኃ ከሌለበት በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃል፤ በጣም ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው በሁለት ዓመትም ይሆናል። ውኃ ካለበት እስኪስተካከል ድረስ በየአንድ ሁለት ወሩ ነው። የማንበብ ችሎታው በድንገት ከቀነሰ ቀጠሮ አይጠበቅም። መስመሩ ጨርሶ ከጠፋና ውኃም ከሌለ ግን፣ በየዓመቱ ገንዘብ እየከፈሉ ያንኑ ምስል መድገም የሚጨምረው ነገር ስለሌለ እኔ ራሴ ሕመምተኞቼን አቁሙ እላቸዋለሁ።

ስለ ዳፍንት አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ዘንድ ሲመሽ አለማየት ሁሉ ዳፍንት ይባላል፤ ግን በቫይታሚን ኤ እጥረት የሚመጣው ዳፍንት በቫይታሚኑ ሲታከም የሚመለስ ሲሆን፣ ይህኛው ግን አይመለስም። ስለዚህ «ድሮ ከጤና ጣቢያ የተሰጠው እንክብል ስላልበቃው ነው» ብላችሁ ቫይታሚን ኤ በብዛት አትስጡት። ከልክ ሲያልፍ ጉበትን ይጎዳል፤ ስታርጋርት በሚባለው በሌላው የሬቲና መመንመን ላይ ደግሞ ዝቃጩን ሊያባብስ ስለሚችል እንከለክላለን። ከሰሜን ሸዋ የሚመጡ ሕመምተኞቼ ጻድቃኔ ማርያም ጸበል መግባትን አዘውትረው ይጠይቁኛል። እኔ የምከለክልበት ምክንያት የለኝም፤ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፣ የምስሉም ቀጠሮ እንዳያልፍ ይሁን እላለሁ።

አሁን ወደ እናትዎና ወደ እርስዎ ልምጣ። የአጎትዎ ዓይን መጥፋት ለእኔ ከጥያቄዎ ሁሉ ከባዱ ቃል ነው። ወንድ ልጅና የእናቱ ወንድም ታመው፣ በመካከል ያሉት እናት ደህና ከሆኑ፣ ሕመሙ ጾታን ከሚወስኑት የዘር ክሮች አንዱ በሆነው በኤክስ ክሮሞሶም በኩል የሚተላለፍ እንደሆነ አጥብቀን እንጠረጥራለን። ወንድ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ነው፤ እሱ ከተበላሸ መተኪያ የለውም፤ ሴት ግን ሁለት ስላላት ብዙ ጊዜ ደህነኛው ይሸፍንላታል። ሰባት ቤት መቁጠር አባቶቻችን ያወረሱን መልካም ሥርዓት ነው፤ ከሁለቱም ወገን የተበላሸ ጂን ሲገናኝ የሚመጡትን ሕመሞች ይቀንሳል። በኤክስ የሚተላለፈውን ግን አይከላከልም፤ ከአንዲት እናት ብቻ የሚመጣ ስለሆነ ባልየው ከየትኛውም አገር ቢመጣ ለውጥ የለውም። ስለዚህ አባትና እናትዎ ያጠፉት ነገር የለም፤ ይህንን እቤት ውስጥ በግልጽ ተነጋገሩበት። በሌላ መንገድ የሚተላለፍና አንዳንዱን ወራሽ ሳያሳምም የሚያልፍም ዓይነት ስላለ፣ ቁርጡን የሚናገረው የጂን ምርመራ ነው።

እዚህ ላይም ምስሉ ይረዳናል። ጂኑን ተሸክመው ራሳቸው ደህና የሆኑ ሴቶች በኦቶፍሎረሰንስ ሲነሡ፣ ብዙ ጊዜ ከማኩላው ወደ ዳር የሚፈነጥቁ፣ ደመቅና ጨለም ያሉ ጨረር መሰል መስመሮች ይታዩባቸዋል። በእናትዎ ዓይን ላይ ይህ ከታየ የሕመሙን የዘር መንገድ ያለ ብዙ ወጪ አወቅነው ማለት ነው። እናትዎ ተሸካሚ ከሆኑ እርስዎ ተሸካሚ የመሆን ዕድልዎ ግማሽ በግማሽ ነው። ምስልዎ ንጹሕ ቢሆን ዕድሉን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያስቀረውም። ሕመሙ በኤክስ የሚተላለፍ ከሆነ፣ ወንድምዎ ቢያገባ ወንዶች ልጆቹ ከእሱ አይወርሱትም፤ ሴቶች ልጆቹ ግን ሁሉም ተሸካሚ ይሆናሉ። ለእርስዎ ወንድ ልጅ ካለዎት፣ ሲመሽ የሚደናበር እንደሆነ ልብ ይበሉ፤ ምስሉም ገና በልጅነቱ ቢነሣ መልካም ነው።

ጂኑን ማወቅ ለወንድምዎ ሌላ ጥቅም አለው። በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ሉክስተርና የተባለው የጂን ሕክምና በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ተፈቅዷል፤ የሚሠራው ግን አርፒኢ65 በተባለው ጂን ለሚመጣው ብቻ ነው። በኤክስ ለሚተላለፈው ዓይነት ዋነኛ በሆነው አርፒጂአር በተባለው ጂን ላይ ደግሞ የሕክምና ሙከራዎች ሲካሄዱ ቆይተዋል። የሉክስተርና ዋና ሙከራ ተሳታፊዎቹን ሲመርጥ ከመመዘኛዎቹ አንዱ በኦ.ሲ.ቲ. የሚታይ ከ100 ማይክሮሜትር በላይ ውፍረት ያለው ሬቲና መኖሩ ነበር። ሕክምናው የሞተ ሕዋስ ስለማያስነሣ፣ የሚታከመው የተረፈው ብቻ ነው። አንድ ቀን ለወንድምዎ የሚሆን ሕክምና ሲመጣ «ምን ያህል ቀርቶታል? በምን ፍጥነትስ ጠፋ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱ በዚያ ፍላሽ ውስጥ ነው የሚገኘው። እስከዚያው «ስቴም ሴል ወግተን እናድናለን» ለሚሉ የውጭ አገር ክሊኒኮች መሬት ሸጣችሁ እንዳትሄዱ። በዓይናቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተወግተው የነበራቸውን እይታ ያጡ ሰዎች መኖራቸው በ2017 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት ወጥቷል።

ወንድምዎ በዚህ ወር ውስጥ ይታይ፤ ሁለቱንም ምስሎች ይያዝ። ዓይኑን የሚከፍተው ጠብታ ለሰዓታት ብርሃን እንዳይችል ስለሚያደርገው፣ በመንዝ ደጋ ፀሐይ ደግሞ ይብስበታልና ኮፍያና ጥቁር መነጽር አይርሱለት። መኪናው ሌሊት በ11 ሰዓት የሚነሣ ከሆነ ብቻውን እስከ መናኸሪያ እንዳይሄድ፤ ወይም ዋዜማውን ደብረ ብርሃን አድሮ በብርሃን ይጓዝ። እናትዎም አብረው ቢመጡ፣ የሁለቱም ምስል በአንድ ቀንና በአንድ መሣሪያ ይነሣል።